ፊሽካው ከተነፋ በኋላ፦ ዳኛ ከተበላሸ ጨዋታ እንዴት ያገግማል?

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ ተመልካቾቻችን። እ.ኤ.አ. በ2010 ጆሃንስበርግ ላይ ስፔንና ኔዘርላንድስ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲገናኙ እንግሊዛዊው ዳኛ ሃዋርድ ዌብ 14 ቢጫ ካርድ መዝዟል። ዛሬም ድረስ የሚነሳበት ግን ያልመዘዘው አንድ ቀይ ካርድ ነው። በ28ኛው ደቂቃ ናይጅል ደ ዮንግ እግሩን ሰቅሎ የዣቢ አሎንሶን ደረት በጫማው ሶል ሲመታው፣ ዌብ ዕይታው ተከልሎበት ስለነበር ቢጫ ብቻ አሳየ፤ ምስሉን ደግሞ ካየ በኋላም ቀይ መሆን እንደነበረበት ራሱ በይፋ ተናግሯል። አስቡት፤ በሙያው ትልቁን ቀን የዋለ ሰው ያ ቀን የሚታወሰው ባላየው ርግጫ ነው። ታዲያ ያን ሌሊት ዳኛ እንዴት ያልፈዋል? በማግሥቱስ? የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው።

ነገሩን በቡና ላስረዳ፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትምና። ቡና የሚያውቅ ሰው ገንፍሎ የወረደ ጀበና ወዲያው እንደማይቀዳ ያውቃል። ጀበናው ከእሳት ወርዶ ማቶቱ ላይ ይቀመጣል፤ አተላው እስኪሰክን ይጠበቃል። የቸኮለ እንግዳ «ቶሎ ይቀዳልኝ» ካለ ሲኒው በአተላ ይሞላል። ቡናው ጥፋት የለበትም፤ ሰዓቱ ነው ያልደረሰው። ከተበላሸ ጨዋታ የወጣ ዳኛም እንዲሁ ነው። መልበሻ ክፍል በገባ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስለራሱ የሚሰጠው ፍርድ፣ «ዳኝነት በቃኝ» ማለቱም ሆነ «አንድም አልተሳሳትኩም» ማለቱ፣ ሁለቱም አተላ ነው።

ከሰከነ በኋላ ደግሞ አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። አቦሉ እዚያው መልበሻ ክፍል ውስጥ ይጠጣል፤ ዋናው ዳኛ፣ ሁለቱ ረዳቶችና አራተኛው ዳኛ በላብ የራሰችውን ማስታወሻ አውጥተው የማሊያ ቁጥሩን፣ ደቂቃውንና የካርዱን ምክንያት ያመሳክራሉ። ይህ መራራ ነው፤ ቢሆንም ሥራ ስለሆነ እጅን ይይዛል፣ አእምሮንም ከጩኸቱ ያወጣል። ቶናው ከአንድ ከሁለት ቀን በኋላ ይመጣል፤ የዳኞቹን ሥራ ከሚገመግመው ታዛቢ ወይም ከሙያ ባልደረባ ጋር ቪዲዮውን ማየት ነው። ጨዋታው ያው ጨዋታ ነው፣ ቡናው ያው ቡና ነው፤ ውሃ ስለተጨመረበት ግን አይከብድም። በረካው የብቻ ነው፤ ዳኛው ከዚያ ሁሉ ውስጥ ለሚቀጥለው ጨዋታ የሚይዘውን አንድ ነገር ይመርጣል። «ኳሱ ወደ ቀኝ ሲሻገር ሁለት እርምጃ ወደ ግራ መሳብ ነበረብኝ» የሚል ያህል ትንሽና የሚሠራበት ነገር ይሁን። ከበረካ በኋላ ውሃ የሚጨምር ሰው የለም። በየሌሊቱ ያንኑ ጨዋታ ሲደጋግም የሚያድር ዳኛ ጣዕሙ ያለቀ ቡና እያፈላ ነው።

የሰውነቱን ነገር አብዛኞቻችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፈው። የከፍተኛ ደረጃ ዳኛ በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ በቁጣ መሐል ሲሮጥ ደግሞ አድሬናሊኑ ፊሽካው እንደተነፋ አይወርድም። ስለዚህ ቀስ ያለ ሩጫ፣ ውሃና ምግብ ይቀድማሉ፤ የማታ ጨዋታ ከሆነ እንቅልፉ መዘግየቱ አያስገርምም።

እዚህ ላይ ተመልካቾቻችን ደጋግመው ያነሱትን ሐሳብ ሳልመልስ ማለፍ አልችልም። ሐሳቡ «ዳኛው ማታ ቪዲዮውን አይቶ መሳሳቱን ካወቀ፣ በሪፖርቱ ጽፎ ውጤቱን ለምን አያስተካክልም?» የሚል ነው። አይችልም። በጨዋታው ሕግ አምስተኛው አንቀጽ መሠረት፣ ጎልን ጨምሮ ዳኛው በጨዋታው ላይ የሚሰጠው የፍሬ ነገር ውሳኔ የመጨረሻ ነው፤ ጨዋታው ዳግም ከተጀመረ በኋላ ውሳኔውን መሻር አይፈቀድለትም። ዳኛውን በቪዲዮ የሚያግዘው ቫርም ቢሆን ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ የሚመለስባቸው እንደ ኃይል ጥቃትና ካርድን ለተሳሳተ ተጫዋች እንደ መስጠት ያሉ ጥቂት ጉዳዮች ብቻ ናቸው። ሪፖርቱ ካርዶችንና ክስተቶችን ለዲሲፕሊን አካል ያሳውቃል እንጂ ይቅርታ መጠየቂያ አይደለም። «ዳኛ ምን ቸገረው፣ በኋላ ያርመዋል» የሚለው እምነት እኔን የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። ሌላው ሠራተኛ የተሳሳተውን ሰነድ በማግሥቱ ያርማል፤ ዳኛ ግን የማይታረም ነገር ይዞ ቤቱ ይገባል።

አንዳንዱ አልተመለሰም። እንግሊዛዊው ግራሃም ፖል እ.ኤ.አ. በ2006ቱ ዓለም ዋንጫ የክሮኤሺያና የአውስትራሊያን ጨዋታ ሲመራ ለዮሲፕ ሺሙኒች ሦስት ቢጫ ካርድ ሰጠ፤ ሁለተኛውን በማስታወሻው ላይ የመዘገበው በአውስትራሊያው 3 ቁጥር ስም ነበር። ከዚያ በኋላ ከዓለም አቀፍ ውድድሮች ራሱን አገለለ። ስዊድናዊው አንደርስ ፍሪስክ ደግሞ በ2005 የባርሴሎናንና የቼልሲን ጨዋታ ከመራ በኋላ በራሱና በቤተሰቡ ላይ በደረሰው ዛቻ ፊሽካውን ሰቀለ። የፍሪስክን ነገር እንደ ድካም መቁጠር ነውር ነው፤ የትኛውም የማገገሚያ ዘዴ ልጆቹን ከዛቻ አይጠብቅለትምና።

የተመለሰም አለ። ዛምቢያዊው ጃኒ ሲካዝዌ በጥር 2022 በአፍሪካ ዋንጫ፣ በካሜሩኗ ሊምቤ የቱኒዚያንና የማሊን ጨዋታ መጀመሪያ በ85ኛው ደቂቃ፣ ኋላም 90ው ሳይሞላ ፊሽካ ነፍቶ ሲያስቆም ዓለም ተሳለቀበት። በኋላ ግን ዳኛው በሙቀት ተመትቶ ሆስፒታል መግባቱ ተነገረ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኳታር በተካሄደው የዓለም ዋንጫ የቤልጂየምንና የካናዳን ጨዋታ የመራው ይኸው ሰው ነው።

በዚያ ደረጃ ያሉ ዳኞች ብቻቸውን አይደሉም። የእኛው ባምላክ ተሰማ በተመረጠበት በ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ዳኞቹ አንድ ሰፈር ሆነው ይለማመዱ፣ የጨዋታ ምስሎችንም አብረው ይገመግሙ ነበር። በየዞኑና በየወረዳው የሚያጫውተው ዳኛ ግን ቪዲዮም ታዛቢም ላይኖረው ይችላል፤ ሰኞ ጠዋትም ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ለእሱ የምለው ይህን ነው፦ የከበዱህን ሁለት ሦስት ውሳኔዎች በዚያው ማታ በወረቀት ጻፋቸው፣ ፌስቡክን እስከ ማግሥቱ አትክፈት፣ ከዚያም ለመስመር ዳኛህ ደውልለት፤ ያን ጨዋታ ከአንተ እኩል ከሜዳው ጠርዝ ያየ፣ ስድቡንም አብሮህ የሰማ ሰው እሱ ነው።