ስኮላርሺፑ ስማችሁን ለማን ይነግራል?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው በአሜሪካ ለኤልጂቢቲ (ተመሳሳይ ጾታ ለሚያፈቅሩ፣ ለሁለቱም ጾታ ፍቅር ላላቸውና ለትራንስጀንደር) ተማሪዎች ስለሚሰጡ የኮሌጅ ስኮላርሺፖች ነው።

ተማሪዎችን በማመልከቻ አሞላል ማገዝ ከጀመርኩ ወዲህ ዘወትር የምሰማው ጥያቄ «ዝርዝሩን ላክልን» የሚል ነው። ዝርዝሩ አያስቸግርም። ሂዩማን ራይትስ ካምፔይን እና ካምፐስ ፕራይድ የተባሉት የኤልጂቢቲ መብት ድርጅቶች ስኮላርሺፖቹን አሰባስበው በነጻ ያስነብባሉ። እግረ መንገዴን ልናገር፦ ለማመልከት ገንዘብ ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ጥላችሁት ሂዱ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዝርዝሩ በፊት መነሳት ያለበት ጥያቄ ነው። ይህን ማመልከቻ ማን ያነበዋል? ብሸለምስ ስሜ የት ይወጣል?

አንዲት ተማሪ ድርሰቷን ጨርሳ፣ የድጋፍ ደብዳቤዎቿን አሰባስባ፣ ልትልክ ስትል እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳችና «መልሱ በፖስታ ወደ ቤት ነው የሚመጣው?» አለችኝ። ቤተሰቦቿ ስለ እሷ አያውቁም። እኔ የቃላት አጠቃቀሟን ሳርም እሷ የምታስበው ስለ ፖስታ ሳጥኑ ነበር፤ ልክም ነበረች። ብዙ ድርጅቶች የተሸላሚዎችን ፎቶና ታሪክ ያወጣሉ፤ ለጋሾች ገንዘባቸው የት እንደደረሰ ማየት ይወዳሉና። አንዳንዶቹ ማንነቱን በግልጽ የሚኖር አመልካች ይፈልጋሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከተጠየቁ ስም ሳያወጡ ይሸልማሉ። ይህንን አስቀድሞ በኢሜይል መጠየቅ ነውር የለበትም። ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን መምህር ስትመርጡም አስቡበት። እናንተ ምንም ባትሉት እንኳ ደብዳቤው የሚላክበት ድርጅት ስም ብቻውን ይናገራል።

ለዚህ ነው ፒፍላግን የምወደው። ድርጅቱ በ1973 የተመሠረተው በወላጆች ነው፤ ልጆቻቸውን ለመደገፍ በተሰባሰቡ እናቶችና አባቶች። በየከተማው ያሉት ቅርንጫፎቹ የየራሳቸውን ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፤ ብዙዎቹም ኤልጂቢቲ ያልሆኑ ነገር ግን ደጋፊ የሆኑ ተማሪዎችን ይቀበላሉ። ስለዚህ ማመልከታችሁ ብቻውን ስለ ማንነታችሁ የሚያጋልጠው ነገር የለም። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ትንሽ ቢሆንም የሚወዳደረው የአካባቢው ተማሪ ብቻ ነው።

ትልልቆቹን በአጭሩ ላንሳ። በ2001 የተቋቋመው ፖይንት ፋውንዴሽን ከገንዘቡ ጋር መካሪም ያገናኛል፤ እንደ እኔ ግምት ከገንዘቡ ይልቅ መካሪው ነው ዕድሜ ልክ የሚጠቅመው። መቀመጫውን ሲያትል ያደረገው ፕራይድ ፋውንዴሽን የሚያገለግለው በሰሜን ምዕራብ ያሉ ክፍለ ግዛቶችን ነው፤ አንድ ማመልከቻ ሞልታችሁ ለብዙ ስኮላርሺፖች ትታያላችሁ። ድርሰት መጻፍ ላደከመው ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አሁን ብዙዎች ወደሚዘነጉት ልምጣ። ትልቁ ገንዘብ ያለው የኤልጂቢቲ ስም በተለጠፈበት ስኮላርሺፕ ውስጥ አይደለም፤ ፋፍሳ በሚባለው፣ የመንግሥት የትምህርት ድጋፍ በሚጠየቅበት የፌዴራል ቅጽ ውስጥ ነው። ለ2024–25 የትምህርት ዘመን፣ በዚህ ቅጽ የሚገኘው የፔል ግራንት (መንግሥት አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ) ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር፤ የሚመለስ ብድርም አይደለም። ቅጹ ማንን እንደምታፈቅሩ አይጠይቅም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ዕድሜው 24 ያልሞላና ያላገባ ተማሪ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ እንደ ጥገኛ ስለሚቆጠር የወላጆቹን ገቢ ማቅረብ አለበት። ከቤት የተባረረ ልጅ ያንን ከየት ያመጣል?

ሕጉ በር ትቶለታል። ከወላጆቹ ጋር የተቆራረጠ፣ የተተወ ወይም ወደ እነሱ መመለስ የሚያሰጋው ተማሪ «ልዩ ሁኔታ አለብኝ» ብሎ የወላጅ መረጃ ሳያስገባ ቅጹን መላክ ይችላል። የመጨረሻ ውሳኔው የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ነው። ቢሮው ማስረጃ ይጠይቃል፤ ሁኔታውን የሚያውቅ የትምህርት ቤት አማካሪ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ወይም የሃይማኖት አባት የሚጽፈው ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ወላጅ «አልከፍልም» ማለቱ ብቻ ግን አይበቃም። ልብ በሉ፣ ደብዳቤው ማረጋገጥ ያለበት መቆራረጡን ነው። የጠቡ መነሻ ምን እንደሆነ እስከ ሥሩ መዘርዘር ግዴታ አይደለም። መኖሪያ ያጣና ብቻውን ያለ ወጣት ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ የትምህርት ቤቱ የቤት አልባ ተማሪዎች ተጠሪ ማረጋገጫ ከሰጠው ራሱን እንደቻለ ይቆጠራል።

ስለ ድርሰቱም አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ልጆች መከራቸውን ካልዘረገፉ የማያሸንፉ ይመስላቸዋል። የተሰደበበትን ቀን፣ ያለቀሰበትን ሌሊት ደርድሮ የሚመጣ አለ፤ ስለ ራሱ ሥራ ግን አንድ መስመር የለውም። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው «ምን ሠራህ?» ብዬ ነው። ታናናሾቹን ሒሳብ ያስጠና፣ ማታ እየሠራ የቤት ኪራይ የከፈለ ልጅ የሚጽፈው አያጣም። ቁስሉን ማሳየት የፈለገ ያሳይ፤ የመግቢያ ትኬት አድርጎ እንዲሸጠው ግን ማንም ሊያስገድደው አይገባም።

ሌላው፣ ስኮላርሺፕ ስታገኙ ለኮሌጁ ማሳወቅ አለባችሁ፤ አንዳንድ ኮሌጆች ያኔ የራሳቸውን ድጋፍ በዚያው ልክ ይቀንሳሉ። ሜሪላንድ በ2017 የመንግሥት ኮሌጆቿ እንዲህ እንዳያደርጉ በሕግ ገድባለች፤ ካሊፎርኒያም በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። ሌላ ቦታ ያላችሁ፣ የመጣው ገንዘብ መጀመሪያ ብድራችሁን ይቀንስ እንደሆነ ወይስ ኮሌጁ የሰጣችሁን የነጻ ድጋፍ፣ ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ጽፋችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ድርጅቱ የራሱ ስም የሰፈረበትን የሽልማት ደብዳቤ ለኮሌጁ የሚልክ ከሆነም፣ ኮሌጁ ወደ ቤታችሁ የሚልከውን የሒሳብ መግለጫ ማን እንደሚከፍተው ከዚያ በፊት አስቡበት።