በውሰት የተላከው ዘጠኝ ቁጥር

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ውጭ ዝናብ ይዟል፤ የቆርቆሮው ድምፅ አልፎ ከተሰማችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። የማወራው ስለ አንድ ኳስ ተጫዋች፣ ስለ ፖርቱጋሉ አጥቂ ስለ ኤዴር ነው። ኳስ የማትወዱም ብትሆኑ አታጥፉት፤ መሐሉ ላይ ስለ ጠረጴዛ መሳቢያም አወራለሁ።

በዚህ ሰው ላይ ስቄበታለሁ። ቀኑን ሳይቀር አስታውሳለሁ። ሐምሌ 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ እሑድ ማታ፤ በአውሮፓውያኑ ጁላይ 10 ቀን 2016 መሆኑ ነው። ፖርቱጋልና ፈረንሳይ ስታድ ደ ፍራንስ ላይ ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ሊጋጠሙ ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን፣ እኔ ሰፈራችን ካለች አንዲት ዲኤስቲቪ ቤት መጨረሻው ረድፍ ላይ ተጣብቄ ተቀምጫለሁ። ያን ሰሞን በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ምክንያት ፌስቡክም ቫይበርም ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ቀልድ የመጣለት ሰው የሚጽፍበት ስለሌለ እዚያው ጮክ ብሎ መናገር ነበረበት። ቤቱ እንደዚያ ቀን ሞቆ አያውቅም።

አብዛኛው ሰው የመጣው ሮናልዶን ሊያይ ነው። ሮናልዶ ግን ገና በስምንተኛው ደቂቃ ከፈረንሳዩ ፓዬ ጋር ተጋጭቶ ጉልበቱን ተጎዳ። እየወጣ እየተመለሰ ሞከረ፤ አልሆነም። ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አንዲት የእሳት እራት ፊቱ ላይ አረፈች። የስታዲየሙ መብራት ከዋዜማው ጀምሮ ሲበራ በማደሩ ሜዳው በእሳት እራት ተወርሮ ነበር። በ25ኛው ደቂቃ በቃሬዛ ሲወጣ፣ ከእኛ ቤትም ሁለት ሦስት ሰዎች ጃኬታቸውን ይዘው ተከተሉት። የከፈሉት ገንዘብ እንኳ አላሳሰባቸውም።

ጨዋታው አሰልቺ ነበር፤ እውነቱን እንነጋገር። በ79ኛው ደቂቃ የፖርቱጋል አሰልጣኝ ፈርናንዶ ሳንቶስ ወጣቱን ሬናቶ ሳንቼስን አስወጥቶ አንድ ዘጠኝ ቁጥር የለበሰ ረጅም አጥቂ አስገባ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉኝ። እኔ የእንግሊዝ ሊግ አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ። «ኤዴር ይባላል፣ ጋሼ። ስዋንሲ አሥራ አምስት ጨዋታ አሰልፎት አንድ ጎል ያላገባ አጥቂ ነው» አልኩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለቤቱ ሁሉ። ቤቱ ሳቀ። እኔም ኮራሁ።

ያልኩት ውሸት አልነበረም። በአውሮፓውያኑ 2015 ክረምት (ከዚህ በኋላ ዓመቱን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ያኔ በእንግሊዝ ሊግ ይጫወት የነበረው የዌልሱ ክለብ ስዋንሲ ከፖርቱጋሉ ክለብ ብራጋ ሲገዛው ጎል ያገባልኛል ብሎ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ተቀይሮ እየገባ አሥራ አምስት ጊዜ ተሰለፈ፤ አንድም አላገባም። ገና ዓመት ሳይሞላው ወደ ፈረንሳዩ ክለብ ሊል ለጊዜው፣ በውሰት ተላከ።

ይህ «ውሰት» የሚለው ቃል ለእኔ ከባድ ቃል ነው። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ከየት እንዳመጡት ሁላችንም እናውቃለን፤ እናቶቻችን ድግስ ሲደርስ ከጎረቤት ትልቅ ድስት የሚያመጡበት ቃል ነው። የተዋሱትን ድስት ሰው ከራሱ ድስት አብልጦ ይጠነቀቅለታል፤ አጥቦ፣ አንዳንዴም እንጀራ ጨምሮበት ይመልሳል። ነገር ግን እጀታው ቢላላ አያስጠግነውም። ያ የባለቤቱ ጉዳይ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ተውሼ አውቃለሁ። የቢሮ ሰዎች «ትውስት» የምንለው ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለዘጠኝ ወር ሌላ ከተማ ላለ ሌላ መሥሪያ ቤት አዋሰኝ፤ የሁለቱንም ስም አልጠራም። የተሰጠኝ ጠረጴዛ የሌላ ሰው ነበር። ሰውየው ለትምህርት ሄዷል፤ መሳቢያውን ቆልፎ ቁልፉን ይዞት ሄዷል። ጠረጴዛውን ባንቀሳቀስኩት ቁጥር መሳቢያው ውስጥ የሆነ ነገር እየተንከባለለ ይሄድና ግድግዳውን ቋ ያደርገዋል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ወጣሁ። የሻይ መዋጮ ዝርዝር ላይ የሌሎቹ ስም በእስክሪብቶ ሲጻፍ የእኔ በእርሳስ ነበር። ሒሳብ የምትይዘው ልጅ በክፋት አይደለም ያደረገችው፤ ነገ የሚሄድን ሰው ስም ለመሰረዝ እንዲቀላት ነው። ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በእርሳስ የተጻፈ ሰው የሚሠራውን ማን ይቆጥርለታል?

ወደ ኤዴር ልመለስ። ሙሉ ስሙ ኤዴርዚቶ አንቶኒዮ ማሴዶ ሎፔስ ነው። የተወለደው በ1987 ጊኒ ቢሳው ውስጥ፣ ዋና ከተማዋ ቢሳው ላይ ነው። ገና ሕፃን ሳለ ወደ ፖርቱጋል መጣ፤ ያደገው ግን ከቤተሰቡ ጋር ሳይሆን ኮይምብራ በሚገኝ የልጆች ማሳደጊያ ውስጥ ነው። በትንንሽ ክለቦች አልፎ የኮይምብራው አካዴሚካ ደረሰ፤ በ2012 ወደ ብራጋ ተሻገረ። ለፖርቱጋል ብሔራዊ ቡድን መሰለፍ የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። የመጀመሪያ ጎሉን ያገባው ግን በ2015 ከጣሊያን ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ነው። ሦስት ዓመት ማለት ነው! አጥቂ ሆኖ! የአገሩ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚስቅበት ገምቱ። እኔ ከዚህ ሆኜ የቀለድኩት ቀልድ እዚያ ሊዝበን ውስጥ ያረጀ ቀልድ ነበር።

ሊል ሲሄድ ነገሩ ተቀየረ። በግማሽ የውድድር ዓመት ስድስት የሊግ ጎል አገባ፤ ክለቡም የአውሮፓ ዋንጫው ሳይጀመር በቋሚነት ገዛው። ስለዚህ ያን ሌሊት ኤዴር የተሰለፈው እንጀራው ከሚጋገርበት አገር ጋር ነው። እሱ ብቻም አይደለም። የፖርቱጋል ቡድን ራሱ የስደተኛ ቡድን ነበር። የግራ ተከላካዩ ራፋኤል ገሬሮ የተወለደው እዚያው የፓሪስ ዳርቻ ላይ፣ ከስታዲየሙ ብዙም ሳይርቅ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ቤት ሲሠሩና ሕንፃ ሲጠብቁ የኖሩ የፖርቱጋል ስደተኞች ቁጥር ቀላል አይደለም፤ ልጆቻቸው ያን ቀን በየትኛው በኩል ይጩኹ?

መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል የፈረንሳዩ ዢኛክ የመታውን ኳስ የግቡ ቋሚ መለሰበት። ተጨማሪ ሰዓት ተጀመረ። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ከዚህ በኋላ ያለውን ደጋግሜ ስላየሁት በደንብ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፣ ኤዴርና የፈረንሳዩ ተከላካይ ኮሲየልኒ ለአንድ ኳስ ተጋፉ። ኳሱ እጅ ነካ። እንግሊዛዊው ዳኛ ክላተንበርግ ለኮሲየልኒ ቢጫ ሰጥቶ ለፖርቱጋል ቅጣት ምት አዘዘ። የነካው እጅ ግን የኤዴር ነበር! ፊልሙ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፈረንሳዮች ዛሬም ይህን ቢያነሱ አልፈርድባቸውም። ገሬሮ ቅጣት ምቱን ሲመታ ኳሱ ከላይኛው ብረት ጋር ተላትሞ ተመለሰ። ፍርደ ገምድሉ ምት ጎል አለመሆኑ ለእኔ ትልቅ ዕረፍት ነው፤ ለዚህ ሰው ታሪክ ስል።

ቀጥሎ 109ኛው ደቂቃ። የቡድን ጓደኛው ሞውቲንዮ ኳስ ሰጠው። ኤዴር ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ተቀበለ። ኮሲየልኒ ከኋላ ተለጠፈበት። እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሙልኝና ትከሻውን ተመልከቱ። ሰውየው አይሮጥም፣ አያታልልም፤ ተከላካዩን በገላው ይዞ፣ ኳሱንና ሰውየውን ለያይቶ፣ ወደ መሐል አንድ ሁለት እርምጃ ይሄዳል። ኮሲየልኒ እጁንም ትከሻውንም ተጠቀመ፤ አልተነቃነቀለትም። ከዚያ ከሳጥኑ ውጪ፣ ሃያ አምስት ሜትር ያህል ላይ ሆኖ በቀኝ እግሩ መታ። ኳሷ መሬት ለመሬት ሄደች። የፈረንሳዩ በረኛ ሎሪስ ተወረወረ፤ አልደረሰባትም። አንድ ለዜሮ። ፖርቱጋል በታሪኳ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ ወሰደች።

ጋሼ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ስሙን ማነው ያልከኝ?» አሉኝ። በቤቱ ጩኸት መሐል አልሰማሁ መሰልኩ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ሲተርከው ተአምር ያደርገዋል። ኤዴር ራሱ ከጨዋታው በኋላ ሮናልዶ «ጎሉን አንተ ታገባለህ» እንዳለው ተናግሯል፤ ወሬው ወዲያው የሮናልዶ ትንቢት ሆነ። ጎሉን ከተቀመጠበት ያገባው ሮናልዶ ይመስል! የሥነ ልቦና አሰልጣኙንም ስሟን ጠርቶ አመስግኗል፤ ያ ይገባኛል፤ ሰው ሁሉ በሚስቅበት ጊዜ አንድ የማይስቅ ሰው ያስፈልጋል።

እኔ ግን ተአምር አላየሁም። ያየሁት የዘወትር ሥራውን ነው። ያ ሰው ተቀይሮ ከገባ ጀምሮ የሚሠራው አንድ ነገር ነበር፦ ረጅም ኳስ ሲመጣለት ጀርባውን ሰጥቶ ያቆማል፣ ይገፉታል፣ ጥፋት ያሠራል፣ የደከሙት ተከላካዮች እስኪተነፍሱ ኳሱን ያቆያል። ዌልስ እያለም ይህን ነበር የሚሠራው። ግን ለዚህ ሥራ ቁጥር የለውም። የጎል ሠንጠረዡ ላይ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል፤ እንደ እኔ ያለው አዋቂ ደግሞ ዜሮውን አንብቦ ያስቃል። ያን ሌሊት የተለየው፣ ገፍቶ ከጨረሰ በኋላ ኳሱን ለሌላ አለመስጠቱ ብቻ ነው።

ጎሉ ኑሮውን ይለውጠዋል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ዓመት ከአንድ ወር ገደማ ሲሆነው እንደገና በውሰት ተላከ፤ ዋንጫ ያስገኘው ሰው! በኦገስት 2017 የሩሲያው ክለብ ሎኮሞቲቭ ሞስኮ ተዋሰው። በሜይ 5 ቀን 2018 ሎኮሞቲቭ ከዜኒት ጋር ሲጫወት በ87ኛው ደቂቃ ብቸኛዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። ክለቡ ከ2004 ወዲህ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ በዚያች ጎል አነሳ። በዚያው ወር ሳንቶስ ለዓለም ዋንጫ የሚሄዱትን ተጫዋቾች ስም አሳወቀ። ውድድሩ ሩሲያ ነው፤ ፍጻሜው ሞስኮ ነው፤ ኤዴር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቅሬታዬን አልደብቅም፤ አሰልጣኙ ምክንያት ይኖረው ይሆናል፤ እኔ ግን ያን ቀን የሻይ መዋጮው ዝርዝር ነው ትዝ ያለኝ።

ሎኮሞቲቭ በኋላ ገዝቶት እስከ 2021 እዚያው ተጫወተ። ከዚያ ወደ ሳዑዲ አረቢያ፣ ቡራይዳ ከተማ ወዳለው አል ራኢድ ሄደ።

ቡራይዳ ሆናችሁ የምትሰሙኝ አድማጮች ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያኔ ስታዲየም ገብቶ ያየው ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ጎል አገባ ወይ አላገባም ብዬ አይደለም የምጠይቀው። ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል ከኋላው የነበረው ተከላካይ ምን ያህል ርቀት እንደተገፋ ነው መስማት የምፈልገው።