ከሼሉ ምን ይቀነስ፣ ምን ይቅር?

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ከደሴ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሼል ላወራችሁ ነው፤ ለኮምፒውተር ትዕዛዝ የምንጽፍበት ፕሮግራም።

ኮምቦልቻ ጫጩት የሚያሳድጉ አንዲት እናት አሉ። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ አሮጌ ራውተር ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ስርዓተ ክወና ጫንኩና የሙቀት መለኪያ ሰካሁበት። ሙቀቱ ሲወርድ መልእክት ይልክላቸዋል። ችግሩ ቦታው ነው፤ ፍላሹ፣ ፋይል የሚቀመጥበት ማህደሩ፣ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው። የስልክ ፎቶ ሦስት አራት ቢገባበት ነው።

እንዲህ ያለ ሳጥን ብዙ ጊዜ ከቢዚቦክስ፣ ማለትም ለትናንሽ መሣሪያዎች ከተዘጋጀ የትዕዛዞች ጥቅል፣ ጋር የሚመጣውን አሽ የተባለ ሼል ይጠቀማል። ትንሽ ነው፣ ጎበዝ ነው። ግን ነጥብ ያለው ቁጥር አያሰላም፤ ባሽ የሚባለው የታወቀው ሼልም እንደዚያው። እኔ ደግሞ የ34.6 እና የ35.2 አማካይ ያስፈልገኛል። ለዚህ ነው ፖል ፋልስታድ በ1990 ፕሪንስተን ተማሪ ሳለ የጻፈውን ዚ-ሼል የመረጥኩት። እሱ በነጥብ ያሰላል።

ዚ-ሼል ግን ጓዙ ብዙ ነው። ከዋናው ፕሮግራም ይልቅ አብረውት የሚጫኑት ፋይሎች ይበዛሉ። ታብ ስትጫኑ የመቶዎች ፕሮግራሞችን አማራጭ የሚያሟሉ ፋይሎች አሉ። ራውተሩ ላይ ጊት፣ ማለትም የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ፕሮግራም፣ የለም፣ የጊት ማሟያ ግን አለ። ቴትሪስ ጨዋታ ሳይቀር አለው! ጫጩት ቤት ውስጥ ማን ይጫወተዋል? እነዚህን ያለ ርኅራኄ አወጣኋቸው። የእርዳታ ገጾቹም ሄዱ፤ ላፕቶፔ ላይ አነባቸዋለሁ።

ቀጥሎ ሞጁሎቹ፤ ለሼሉ ተጨማሪ ችሎታ የሚሰጡ ክፍሎች ናቸው። ሼሉ ከምንጭ ኮዱ ከመገንባቱ በፊት የትኛው እንደሚካተት የሚወሰንበት ፋይል አለ። ፋይል በኔትወርክ የሚያስተላልፈው የኤፍቲፒው ይቅር። የሳይንና ኮሳይን ሒሳቡም ይቅር፤ መደመርና ማካፈል ያለ እሱ ይሠራሉ። መጨረሻ ላይ ስትሪፕ በሚባለው ትዕዛዝ የስህተት መፈለጊያ ምልክቶቹን ከፕሮግራሙ አራገፍኩ።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ። ብዙ ሰው ቦታ ሲጠበው የመስመር ማረሚያውን ሞጁል፣ ማለትም የምንጽፈውን ትዕዛዝ እንድናርም የሚያስችለውን፣ ይቆርጣል። ስክሪፕቱ አይፈልገውም፣ እውነት ነው። ሰው ግን ይፈልገዋል። እትዬ ማታ ደውለው «ልጄ፣ ሳጥኑ ዝም አለኝ» ቢሉ፣ እዚያው ሰፈር ያለ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ይዞ ይሄድላቸዋል። ማረሚያው ከሌለ፣ የቀደመውን ትዕዛዝ ለመመለስ የላይ ቀስቱን ሲጫን ስክሪኑ ላይ ቆብ መሳይ ምልክት፣ ሁለት ማዕዘን ቅንፍና «ኤ» ፊደል ይደረደሩበታል። ረጅሙን ትዕዛዝ በሳተ ቁጥር ከሀ ብሎ ይጽፋል። ጫጩቶቹ ደግሞ ይበርዳቸዋል። ለዚያ ልጅ ስል ጥቂት መቶ ኪሎባይት አልሰስትም። ማረሚያው ይቀመጥ፣ የፋይል ስም በታብ ማሟላቱም ይቀመጥ።

የትዕዛዝ ታሪኩ ግን ፍላሽ ላይ አይጻፍም፤ ፍላሽ ደጋግመው ሲጽፉበት ያልቃል። ራም ላይ እንዲቀመጥ አድርጌዋለሁ። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ይጥፋ፣ የሚፈለገው ለዚያች ለጥገናዋ ሰዓት ነው።