«አይመጣጠንም» ስለተባለው ሰፌድ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የተመራቂ ወላጆች፣ እናንተም የቤት ዲኮር ተመራቂ ልጆቼ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

የተጠራሁት ስለ ቀለም፣ ስለ መጋረጃና ስለ መብራት እንድናገር ነው። በአስር ደቂቃ ጨርስም ተብያለሁ። አናጢነቴን ታውቃላችሁ። የብዙዎቻችሁን ቤት ቡፌና ቁም ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ። መሳቢያው አልዘጋ ብሎ የረገማችሁኝም እዚሁ ተቀምጣችኋል፣ አይቻችኋለሁ። ዛሬ ግን የማወራው ስለ አንድ ሰፌድ ነው።

የእህቴ ቤት እዚሁ ደሴ፣ ሸዋ በር ነው። ሳሎኗ ውስጥ በአንድ ወገን የእናታችን የካዕባ ፎቶ ተሰቅሏል። ፊት ለፊቱ የአባታችን ቅዱስ ገብርኤል አለ። መሃል ላይ እናታችን የሰፋችው ሰፌድ። ስንደዶውን ራሷ ለቅማ፣ አክርማውን ቀይና አረንጓዴ ቀለም ነክራ፣ በወስፌ ስንት ወር ፈጅታበታለች። አንድ ጥግ ላይ ቀለሙ ይዛባል። «እዚያ ጋ ስደርስ ነው አንተ የመጣህብኝ» ትለኝ ነበር።

በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ጦርነቱ ደርሶብን ከተማችንን ጥለን ስንወጣ ማን ሰፌድ ያስታውሳል? ልጅና ፌስታል ይዘን ነው የወጣነው። ከወር በላይ ቆይተን ስንመለስ ቤቷ ባዶ ነው። ቴሌቪዥኑ የለም። ፍሪጁ የለም። ፍራሹ እንኳን የለም። ካዕባው፣ ገብርኤሉና ሰፌዱ ግን እንደተሰቀሉ ናቸው። እህቴ ለፍሪጁ አላለቀሰችም። ሰፌዱን ስታይ ነው እንባዋ የመጣው።

አምና ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተው ቤቱ ይታደስ አሉ። ዲኮር ሠሪ መጣ። ስሙን አልጠራም፣ ልጅ ነው፣ ይማራል። ጂፕሰም፣ ጡብ የሚመስል ዎልፔፐር፣ ሰማያዊ ኤልኢዲ፣ ግራጫ ኤል ሼፕ ሶፋ። ከዚያ ግድግዳውን አየና «እነዚህ አይመጣጠኑም» አለ። ካዕባና ገብርኤል ወሎ ውስጥ አይመጣጠኑም! ስሙልኝ እንግዲህ! ሰፌዱንማ ከፍርስራሹ ጋር ጋሪ ላይ ጫነው። እህቴ ደውላ «አያ፣ ድረስልኝ» አለች። በባጃጅ በርሬ ጋሪውን መንገድ ላይ ያዝኩት። ዘራፊ የተወውን ዲኮር ሊጨርሰው ነበር!

ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አዳራሽ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። ስሙ አይጠየፍ። አዳራሽ ሰው አልጠየፍም ባለበት አገር፣ እናንተ የእናት ሰፌድ ልትጠየፉ?

ተቆጣሁ መሰለኝ። ይቅርታ።

ጂፕሰም አትሥሩ አላልኩም፣ እንጀራችሁ ነው። ሜትር ከመዘርጋታችሁ በፊት ግን ቁጭ በሉ። ቡና ካፈሉላችሁ እስከ በረካ ጠጡ። «ይሄ ፎቶ የማን ነው? ይሄን ማን ሰጣችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቤቱ እመቤት ስታወራ ድምጿ የሚለወጥበት ዕቃ አለ። እሱን መሃል አድርጉና ቀለማችሁን ከእሱ ምረጡ። የእህቴን ሳሎን እንደዚያ አደረግነው። መጋረጃው የሰፌዱን ቀይ ወሰደ። እኔ በዋንዛ ዙሪያውን ከፈፍኩለት። ግራጫው ሶፋ ላይ የእናታችንን ባና ጣል አደረግንበት፣ እሱም ሰው ሆነ።

ደግሞ ኮምቦልቻ የሠራችሁትን እንዳለ ደሴ አትድገሙት። እዚያ ሙቀት ነው፣ ሴራሚኩ ያቀዘቅዛል። እዚህ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ እግር ያደነዝዛል። በበግ ጠጉር የተሠራ የወሎ ምንጣፍ እያለ ፕላስቲክ አታንጥፉብን።

መብራቱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሰማያዊውን ብቻ ቀንሱልን፣ ሰው ሬሳ ይመስላል።

አስተባባሪው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። ሰፌዱን ማየት የሚፈልግ እሁድ ከሰዓት ይምጣ። እህቴ ቡና ታፈላለች፣ እኔ ደግሞ የተዛባውን ጥግ አሳያችኋለሁ።