ስካውተሩ አልተበላሸም

እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ርዕሱን በአንድ መስመር ነው የላኩልኝ። «ጎኩ ወይስ ቬጂታ? በማስረጃ!» ይላል። «በማስረጃ» የምትለዋ ላይ ቃለ አጋኖ አለባት። ሳነበው መጥሪያ የደረሰኝ ነው የመሰለኝ።

ጉዳዩ ለኔ የቆየ የቤት ጣጣ ነው። እኔ የጎኩ ነኝ፤ ታናሽ ወንድሜ የቬጂታ። ልጆች ሳለን ዲሽ የነበረው ጎረቤታችን ቤት ብቻ ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተኮልኩለን ድራጎን ቦልን በዓረብኛ እናይ ነበር። ከሚሉት ነገር አንድ ቃል አይገባንም። ስለዚህ ማን ከማን እንደሚበልጥ የምንለካው በጩኸት ነው። ረዥም የጮኸ ያሸንፋል። በነገራችን ላይ ብዙም አልተሳሳትንም።

ካደግን በኋላ ማንጋውን፣ ማለትም የጃፓኑን የሥዕል መጽሐፍ፣ በስልክ አነበብነው። ወረቀት ላይ ጩኸት አይሰማም። በምትኩ ቁጥር አለ። ጠባችን የባሰውም ያኔ ነው።

ልጆቻችሁን ልታመጡ ብላችሁ እዚሁ ለቀራችሁ ወላጆች ሁለት ቃል ልበል። ድራጎን ቦል የአኪራ ቶሪያማ ሥራ ነው። በፈረንጆቹ ከ1984 እስከ 1995 ጃፓን ውስጥ ሾነን ጃምፕ በሚባል ሳምንታዊ መጽሔት በ519 ምዕራፍ ወጣ፤ ሲጠረዝ 42 ቅጽ ሆነ። ደራሲው በ2024 በ68 ዓመቱ አርፏል። ጎኩና ቬጂታ ሁለቱም ሳያን የሚባል የተዋጊ ዘር ናቸው። ጎኩ በሕፃንነቱ ወደ ምድር የተላከ የተራ ወታደር ልጅ ነው። ቬጂታ ደግሞ ልዑል ነው፤ ይህን ለማንም ሳይናገር ውሎ አያድርም።

አሁን ወደ ማስረጃው።

ስካውተር የሚባል መሣሪያ አለ። ጆሮ ላይ ይንጠለጠላል፣ አንድ ዓይን ላይ መስታወት አለው። ፊት ለፊትህ ያለውን ሰው የውጊያ አቅም በቁጥር ያሳይሃል። መጀመሪያ ይዞት የመጣው የጎኩ ወንድም ራዲትዝ ነው። ምድር ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያ ያገኘው ሰው ገበሬ ነው፤ ጠመንጃ ይዟል። ራዲትዝ መሣሪያውን ጫን አደረገ። 5 አለው። ናቀው። ገበሬው ተኮሰ፤ ራዲትዝ ጥይቱን በእጁ ቀልቦ መልሶ ወረወረበት። ሰውየው እዚያው ቀረ። ይህችን 5 ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ራዲትዝ ቀጥሎ ጎኩንና አብሮት ሊገጥመው የመጣውን ፒኮሎን ለካ። ጎኩ 334፣ ፒኮሎ 322። ሁለቱም ለልምምድ የሚለብሱትን ከባድ ልብስ አወለቁ። ጎኩ 416፣ ፒኮሎ 408 ሆኑ። ልብ በሉ፣ ልብስ በማውለቅ ነው። ከዚያ ጎኩ ካሜሃሜሃ የሚባለውን ከመዳፉ የሚተኩሰውን ጨረር ሲያዘጋጅ ያው ሰውዬ 924 ደረሰ። ራዲትዝ ግራ ገባው። እሱ ባደገበት ሰፈር የሰው ቁጥር እንደ ቁመቱ ነው፤ ቆሞ ሲያወራ አይረዝምም።

መሬት ላይ ደግሞ የታሰረ የአራት ዓመት ልጅ አለ። የጎኩ ልጅ ጎሃን ነው፤ ንፍጡ እስኪዝረከረክ ያለቅሳል። ስካውተሩ ልጁ ካለበት አቅጣጫ 710 ብሎ ጮኸ። ራዲትዝ ምን አለ? ተበላሽቷል አለ። ትንሽ ቆይቶ ልጁ የታሰረበትን መንኮራኩር ሰብሮ ወጣና ደረቱን በጭንቅላቱ መታው። የራዲትዝ ጥሩር ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ቁጥሩ 1,307 ነበር። መሣሪያው ጤነኛ ነበር።

ራዲትዝን አንረሳውም፤ ምክንያቱም ከዓመት በኋላ ናፓ ያንኑ «ተበላሽቷል» ይደግመዋል። ናፓ የቬጂታ አጃቢ ነው፤ መላጣ፣ ተራራ የሚያክል። የጎኩን ጓደኞች ሲያርድ ውሎ ጎኩ ደረሰ። ናፓ የጎኩ ቁጥር ስንት እንደሆነ ቬጂታን ጠየቀው። ቬጂታ ስካውተሩን ከጆሮው አውልቆ በመዳፉ ጨፈለቀው። በጃፓንኛው ከ8,000 በላይ ነው ያለው። በእንግሊዝኛው ድምፅ ሲቀየር 9,000 ሆነ፤ ዓለም የሚያውቀው ይህኛውን ነው። አንድ ሺህ ከየት እንደተጨመረ እኔን አትጠይቁኝ፣ ወደ ታክሲ ሂሳብ ይጠጋል። ናፓ ግን ጩኸቱን ለቀቀው። መሣሪያው ተበላሽቷል!

ወንድሜ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ያስቆመኛል። ለቬጂታ የሚሰጠው ቁጥር 18,000 ነው። ከጎኩ እጥፍ ያልፋል። ልክ ነው። በባዶ እጅ፣ በቁጥር ብቻ ከሆነ ያን ቀን ቬጂታ ይበልጣል። ይህን በአደባባይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ቅረጹት።

ችግሩ ጎኩ በቁጥሩ አልተዋጋም። ካዮኬን የሚባል ዘዴ አለው፤ አቅሙን ለአጭር ጊዜ ያበዛለታል፣ ሥጋውን ግን ይበላዋል። በሁለት ቢያባዛው 16,000 ነው፤ አይበቃም። በሦስት አደረገው፤ ቬጂታ ደም ተፋ፤ ጎኩም ጡንቻው ሊበጠስ ደረሰ። በመጨረሻ ሁለቱ ጨረር ለጨረር ተገፋፉ። ጎኩ በአራት አባዛው፤ ቬጂታ ተጠርጎ ወደ ሰማይ ሄደ። አራት ጊዜ 8,000 ስንት እንደሆነ የአዳራሹ ልጆች ከኔ በፊት አስልታችኋል።

ታዲያ ጎኩ አሸነፈ? አላሸነፈም! ቬጂታ በገዛ ኃይሉ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ሠርቶ ግዙፍ ዝንጀሮ ሆነ። ይህ አቅምን በአሥር ያባዛል። 180,000 ማለት ነው። ጎኩን እንደ ሎሚ ጨመቀው። በሂሳብ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

ያዳነው ያጂሮቤ ነው። ያጂሮቤን የሚደግፍ እጁን ያውጣ... አንድም የለም። ወፍራም፣ ሆዳም፣ ፈሪ ነው፤ ጦርነቱን ድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ነው ያየው። ከኋላ በሰይፍ መጥቶ የዝንጀሮውን ጭራ ቆረጠ። ጭራ ከሌለ ዝንጀሮነት የለም። 180,000 በአንድ ሰይፍ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላም የጎኩ ጓደኛ ክሪሊን፣ ጎሃን፣ ያጂሮቤ ተረባርበው ነው ቬጂታ በደረቱ እየተሳበ ወደ መንኮራኩሩ የሄደው። ክሪሊን ሰይፉን አንስቶ ሊጨርሰው ሲል ጎኩ፣ መነሳት እንኳ የማይችለው ጎኩ፣ ተወው ብሎ ለመነ። ራስ ወዳድነት መሆኑን ያውቃል። ግን ይህን ሰው ሌላ ቀን ለብቻው መግጠም ይፈልጋል። እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ ቦታ ላይ በጎኩ ተናድጄበት አውቃለሁ። ዛሬም ትንሽ ይቀረኛል።

ከሁሉም በላይ የምወደው ማስረጃ ግን በኋላ ናሜክ በምትባል ፕላኔት ላይ ጎኩን የገጠመው የካፒቴን ጊንዩ ነው። የራሱ አቅም 120,000 ነው። ጎኩ ፊቱ ቆሞ 180,000 አሳየው። ጊንዩ ሞኝ አይደለም፤ አካል መቀየር ይችላል። የገዛ ደረቱን አቆሰለ፣ ከዚያ ከጎኩ ጋር አካል ተለዋወጠ። ቁስሉ ለጎኩ፣ ጤነኛው ሥጋ ለሱ። አሁን 180,000 የኔ ነው ብሎ ከጎሃንና ከክሪሊን ጋር ሊዋጋ ወጣ። ተደበደበ። ጓደኛው በስካውተር ሲያነብለት 23,000 ነው። ያው እጅ፣ ያው እግር፣ ያው ፀጉር። ኃይሉን ማውጣት ግን አላወቀበትም። የሰው ጋቢ ለብሶ ሲወጣ እንደሚያደናቅፈው ሰው ሆነ።

የጊንዩ አለቃ ፍሪዛ ላይ ብዙ አልቆይም። 530,000 መሆኑን ራሱ በትህትና ይናገራል፤ ሁለተኛው መልኩ ከሚሊዮን በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ቶሪያማ ቁጥሩን ቀስ ብሎ ጣለው። በቁጥር ፈንታ የፀጉር ቀለም መቀየር ጀመረ። ያ ወርቃማ ፀጉር እንኳ የመጣው ጥቁሩን በቀለም መሙላት የረዳቱን ጊዜ ስለፈጀ ነው፤ ሱፐር ሳያን፣ ማለትም ኃይላቸው የናረ ሳያን፣ ሲሆኑ ፀጉሩን ወረቀቱ ላይ ነጭ አድርጎ መተው ነው። የዓለማችን ትልቁ የኃይል ምልክት ከቀለም ቁጠባ ተወለደ።

ያችን 5 ይዛችኋታል? ፍሪዛ በኋላ ምድር ላይ ሲያርፍ ሰይፍ የታጠቀ አንድ ወጣት ጠበቀው። ወታደሩ ለካው። 5! ልክ እንደ ገበሬው። ወጣቱ ትራንክስ ነው። ወታደሮቹን በቅጽበት አረገፋቸው፤ ፍሪዛንም እንደ ሽንኩርት ከታተፈው። የቬጂታ ልጅ መሆኑን የምናውቀው በኋላ ነው።

ስለዚህ ለወንድሜ የምሰጠው ነጥብ ይህ ነው። በዚያ ሁሉ ትዕቢቱ፣ ምድር ላይ ከደረሰበት ነገር የተማረው ቬጂታ ነው። ናሜክ ላይ ያለ መሣሪያ የሰው ኃይል መለየት ቻለ፤ የፍሪዛ ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው በመስታወት ያዩ ነበር። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ቡ ከሚባለው ጭራቅ ጋር ጎኩ ሲዋጋ ዳር ቆሞ አየውና አንደኛው አንተ ነህ አለ። ለጎኩ አይደለም ያለው፤ ለራሱ ነው፤ በሆዱ። ያን ገጽ ሳነብ ስካውተር የለም፣ ቁጥር የለም፣ የሚጮህም የለም። አንድ ልዑል ብቻውን ቆሟል። ጎኩ እንዲህ ያለ ገጽ የለውም፤ ሲያሸንፍ ይርበዋል፣ ሲሸነፍም ይርበዋል።

እኔ ድምፄን ለጎኩ ሰጥቻለሁ፤ ምክንያቱም ከሁለቱ ያልነበረውን አቅም ከራሱ ማውጣት የጀመረው እሱ ነው። ወንድሜ ግን ጭራው ባይቆረጥ ኖሮ ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ጭራው ባይቆረጥ ኖሮ! እነሆ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን እየነቀነቀ ነው። እባካችሁ ማይኩን አቀብሉት። ተበላሽቷል እንዳይል ስገባ ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል።