የክብሪት ቀፎዋ አልጋ፦ በአርክቴክቸር ተማሪዎች ማህበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ! መጀመሪያ ፊት ለተቀመጡት እንግዶቻችን፣ ለእድሩ ዳኛና ለሰፈራችን እናቶች ክብር እየሰጠሁ ልጀምር፣ ከኋላ ያላችሁት ሶስተኛ ዓመቶች ደሞ ማታ ሰብሚሽን (ስራ ማስረከብ) እንደነበረባችሁ ስለማውቅ ብታንቀላፉም አልቀየምም። ንግግር ጽፌ ነበር፣ ትናንት ሳነበው የቢሮ ደብዳቤ መሰለኝና ተውኩት። እንዲሁ ላውራ።

ማወራው ስለ ኤግዚቢሽናችን ነው። እስከ አምና ድረስ ኤግዚቢሽን ማለት ስቱዲዮ ኮሪደር ላይ ፓነል፣ ማለትም ስዕላችን ያለበትን ሰሌዳ መለጠፍ ነበር፣ ስራችንን የሚዳኘው ጁሪ ያያል፣ እርስ በርስ እንተያያለን፣ ሁለት ፎቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል፣ ሞዴሉ፣ ያቺ የዲዛይኑ ትንሽ አምሳያ፣ መጋዘን ገብቶ የአይጥ ቀለብ ይሆናል። የሳልነው ሰፈር ግን ከአጥራችን ጀርባ ነው! ሙሉ ሴሚስተር ሜትር ይዘን ቤታቸው እየገባን ለክተን፣ ፎቶ አንስተን፣ ቡናቸውን ጠጥተን (ሽሮውንም አልካድንም) ውጤቱን ያየ አንድም የሰፈር ሰው የለም። ሁለት እናቶች ሊያዩ መጥተው በር ላይ መታወቂያ ተጠይቀው መመለሳቸውን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። በጣም ነው ያፈርኩት።

ስለዚ ዘንድሮ አውጥተን እድሩ ድንኳን ውስጥ አደረግነው። ፖስተር እንስራ ምናምን ስንል ዳኛው "ፖስተር ማን ያነባል፣ ለፋፊ አለን አይደል" አሉ። ለፋፊው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጥሩንባውን ነፋ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ነገር የሰማው ሰው የለም መሰለኝ፣ 1 ሰዓት ላይ የሰፈሩ እናቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ማነው የሞተው ይሉናል። አንዱ ልጃችን ደንግጦ "ኧረ ማንም አልሞተም እማማ፣ አርክቴክቸር ነው" አላቸው። "እሱ ደሞ የማን ልጅ ነው?"

ተሳቀ፣ ግን እኮ ገብተው ቁጭ አሉ። ለለቅሶ የወጣ ሰው ቶሎ አይነሳም፣ እንደዛ ተረጋግቶ ስራችንን ያየልን ሰው ኖሮ አያውቅም።

አሁን ወደ ሞዴሉ ልምጣ። 1 ለ 50 ነው የሰራነው። አንዲት እናት ጠጋ ብለው "ይቺ ክፍል ስንት ክንድ ናት?" ሲሉ አራተኛ ዓመቱ ልጅ ስለ ስኬል ማብራራት ጀመረ፣ ሀምሳ ጊዜ ሲያንስ ምናምን እያለ፣ ሴትየዋ ዝም ብለው ያዩታል። ከዛ አንዷ ልጅ ብልጭ አለላት፣ ክንድ በግምት ግማሽ ሜትር ነው፣ በ1 ለ 50 ግማሽ ሜትር ማለት 1 ሳንቲሜትር ነው፣ "እማማ የትንሿ ጣትዎ ጥፍር አንድ ክንድ ናት በሏት" አለቻቸው። በቃ! ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው መለካት ጀመሩ፣ አምስት በአምስት ክንድ ሆነች። ከአጠገባቸው ካሉት ጋሼ የክብሪት ቀፎ ተቀበሉና "ይቺ አልጋዬ" ብለው ክፍሏ ውስጥ አስቀመጧት። በሯን በስኮች ነበር ያንጠለጠልናት፣ በጣታቸው ገፋ ሲያደርጓት ቀፎዋ ጋ ደርሳ ቆመች።

"ልጄ፣ እኔ በመስኮት ነው ምገባው?"

ይሄ ዲዛይን እኮ ጁሪ ያለፈ ነው፣ ኤ ያገኘ ነው፣ በፕረዘንቴሽኑ ቀን ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። በርግጥ የክብሪት ቀፎ በዛ ስኬል ከአልጋ ትንሽ ይበልጣል፣ ግን በኋላ ትክክለኛውን አልጋ በካርቶን ቆርጠን ስናስገባም በሩ ግማሽ ነው የተከፈተው። ፕላኑ ንጹህ እንዲታይ ብለን ፈርኒቸር ሳንስል ነበር የተውነው።

ሌላው ጉድ ጽሁፋችን ነው። ፓነሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ። አንድ አባት "ቮይድ" የሚለውን ጠየቁ፣ ባዶ ቦታ ማለት ነው አልናቸው፣ "ባዶ ከሆነ ለኔ ስጡኛ፣ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ነው ያለነው" አሉ። ግሪን ኤሪያ ብለን ዛፍ የደረደርንበትም ቦታ የእድሩ ድንኳን የሚተከልበት ሆኖ ተገኘ፣ ማለትም ራሱ ኤግዚቢሽኑን ያየንበት ቦታ! ቆመንበት እኮ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ህዝቡ ስለ ዲዛይን ምን ያውቃል ትላላችሁ፣ ሰምቻለሁ። አርክቴክቱ ፍራንሲስ ኬሬ በ2022 እ.ኤ.አ. የአርክቴክቸርን ትልቁን ሽልማት ፕሪትዝከርን ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ያገኘ ሰው ነው፣ ቡርኪና ፋሶ ጋንዶ ላይ ትምህርት ቤቱን ሲሰራ የሰፈሩ ሰው ጭቃ አይችልም ብሎ ሲጠራጠር እነ ኬሬ የጭቃ ቅስት ሰርተው ላዩ ላይ ወጥተው ቆመው ነው ያሳዩት። የኛ ሰፈር ሰው ደሞ ጭቃ ምን እንደሚችል ከኛ በላይ ያውቃል፣ ጭድ ስንት ቀን ከጭቃው ጋር እንደሚቦካ እኔ ከዛ ድንኳን ነው የተማርኩት።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ቤቶች አብዛኞቹ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱ የቀበሌ ቤቶች ናቸው፣ ፒያሳን በ2016 ካዛንቺስን በ2017 ያያችሁ ሰዎች ሰፈር በስንት ጊዜ እንደሚፈርስ ታውቃላችሁ። ያኔ የለካናት ግድግዳ ወረቀታችን ላይ ብቻ ትቀራለች። አንድ ሽማግሌ ኤለቬሽኑ (የቤቶቹ የፊት ገጽታ ስዕል) ላይ የራሳቸውን በር አግኝተው ጣታቸውን እዛው አድርገው ረጅም ጊዜ ቆሙ፣ ኮፒ ጠየቁን፣ ሰጠናቸው። ሌሎቹም ጠይቀዋል፣ የፕሪንት ሂሳቡን ገንዘብ ያዧ ታቀርባለች፣ እባካችሁ አትጨቃጨቁባት።

ዛሬ ከሰዓት እንድትወስኑልኝ ምፈልገው፣ ድንኳኑ ከጁሪው በፊት ይሁን ነው፣ በኋላ ከሆነ ማንም አያስተካክልም፣ ውጤት ከገባ በኋላ ፕላን የነካ ተማሪ አይቼ አላውቅም፣ እኔንም ጨምሮ። ጽሁፉ በአማርኛ ይሁን። ለፋፊው ደሞ ከጥሩንባው በፊት "ሰላም ነው፣ ሰላም ነው" እንዲል ዳኛው ቃል ገብተውልናል።

በሉ፣ ጉባኤያችን ተከፍቷል። ሻይ ከኋላ አለ፣ የተስተካከለው ሞዴል ከሻዩ አጠገብ ነው፣ ቀፎዋም እዛው ውስጥ ናት፣ ሲኒ እንዳታስቀምጡበት።