ያልተከፈለ ደመወዝ የቆረቆራት መንደር

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ ስለ ፖላንድ ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ግን ስለ ዋርሶ ወይም ስለ ክራኮቭ አይደለም። ክሩሺንያኒ ስለምትባል አንዲት ትንሽ መንደር ነው።

መንደሯ ያለችው በአገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ፖድላሼ በሚባለው ክፍል ነው። ከቢያሊስቶክ ከተማ ተነስታችሁ ወደ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ትነዳላችሁ። መንገዱ ክኒሺን የተባለውን ጫካ አቋርጦ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ጥድ ነው። ጫካው ሲያልቅ እርሻና የእንጨት ቤቶች ይመጣሉ። ትንሽ አለፍ ካላችሁ የቤላሩስ ድንበር ነው።

መንደሯ ውስጥ ዛፎች የከበቡት፣ አረንጓዴ የተቀባ የእንጨት ሕንፃ አለ። ከፊቱ ሁለት ማማ ቆሟል። ከሩቅ ያየሁት ጊዜ የገጠር ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ማማዎቹ ጫፍ ላይ ያለው መስቀል ሳይሆን ግማሽ ጨረቃ ነው። ለካ መስጊድ ኖሯል!

ካቶሊክ በሞላበት አገር፣ በዚህ ጥግ መስጊድ ምን ያደርጋል? ነገሩ የሚጀምረው ከደመወዝ ነው።

ታታሮች የሚባሉ ሙስሊም ሕዝቦች በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በታላቁ መስፍን ቪታውታስ ዘመን ወደ ሊቱዌኒያ ገብተው ሰፍረዋል። ፈረሰኞች ነበሩ። ሊቱዌኒያና ፖላንድ በአንድ ንጉሥ ስር ሲሆኑም ውጊያቸውን ቀጠሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግን ግምጃ ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ደመወዛቸው ተቋረጠ። በሃይማኖታቸውም ይጫኗቸው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1672 ብዙዎቹ አምፀው ወደ ኦቶማን ቱርኮች ዞሩ። እኔ አልፈርድባቸውም። ደሙን አፍስሶ ባዶ እጁን የቀረ ወታደር ሌላ ምን ያድርግ?

የፖላንዱ ንጉሥ ያን ሶቢየስኪ ነገሩ ገባው። በ1679 ላልተከፈላቸው ደመወዝ በገንዘብ ፈንታ መሬት ሰጣቸው። በእኛ አገር ለወታደር ይሰጥ የነበረውን ማደሪያ አስቡት። ክሩሺንያኒና ጎረቤቷ ቦሆኒኪ ለታታሮቹ የደረሱት እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማቃናት እፈልጋለሁ። ክሩሺንያኒ የደረሰችው ሳሙኤል ሙርዛ ክዠቾቭስኪ ለተባለ የታታር አዛዥ ነው። ይህ ሰው በ1683 ፓርካኒ በተባለው ቦታ በተደረገው ውጊያ የንጉሡን ሕይወት አተረፈ ይባላል። ስለዚህ ብዙ ሰው መሬቱን የውለታ ሽልማት አድርጎ ያወራዋል። ቀኑን ግን ተመልከቱት፤ መሬቱ የተሰጠው ከውጊያው 4 ዓመት ቀድሞ ነው። ሽልማት ሳይሆን ዕዳ ነበር። ለእኔ ደግሞ ከሽልማቱ ይልቅ ዕዳው ይበልጥብኛል። ንጉሥ ሲሸልም ደስ ብሎት ነው፤ ዕዳ ሲከፍል ግን «መብታችሁ ነው» ማለቱ ነው።

በዚያው 1683 ቪየና በኦቶማን ቱርኮች ስትከበብ ታታሮች በሁለቱም ወገን ተሰልፈው ነበር። የሶቢየስኪዎቹ ከጠላት እንዲለዩ የራስ ቁራቸው ላይ ጭድ ሰክተው ተዋጉ ይባላል።

ወደ መስጊዱ ልመልሳችሁ። ጫማ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ወለሉ ምንጣፍ በምንጣፍ ነው። ግድግዳው እንጨት ነው፤ በፍሬም የገቡ የቁርኣን ጥቅሶች ተሰቅለውበታል። ሴቶች የሚሰግዱበት ክፍል ለብቻው ነው፤ መካከል ያለው ግድግዳ ላይ በስስ መጋረጃ የተሸፈነ ክፍተት አለ። ሕንፃው ቤተ ክርስቲያን የሚመስለው አናጢዎቹ የለመዱት እሱን ስለነበረ ነው ይባላል። በዛሬዋ ፖላንድ ከእነዚህ የጥንት የታታር የእንጨት መስጊዶች የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ይህኛውና የቦሆኒኪው።

ከዚያ በኋላ ፖላንድ ራሷ በ1795 ከካርታ ጠፋች፤ በ1918 ተመለሰች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድንበሩ ወደ ምዕራብ ሲገፋ አብዛኞቹ የታታር መንደሮች በሶቪየት በኩል ቀሩ። ክሩሺንያኒ ለጥቂት ተረፈች። ዛሬ የታታር ቤተሰቦቿ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የጥንት ቋንቋቸውም ከጠፋ ቆይቷል። ምግባቸው ግን አለ። ፒየሬካቸቭኒክ የሚሉት አለ፤ እንደ ወረቀት የሳሱ የሊጥ ንብርብሮች መካከል ሥጋ ተደርጎ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ተጠቅልሎ ይጋገራል። ፈልጋችሁ ቅመሱት።

እ.ኤ.አ. በ2014 አንዱ በሌሊት መጥቶ መስጊዱ ግድግዳ ላይ የአሳማ ሥዕል ሳለበት። ይህን ስሰማ አንጀቴ ነው ያረረው። እነዚህ ሰዎች እንግዳ ቢባሉ፣ ከ300 ዓመት በላይ የቆየ እንግዳ የት አለ?

ከመስጊዱ ጀርባ በእግር ትንሽ ሄዳችሁ መቃብሩን ታገኛላችሁ። ሚዛር ይሉታል። ጥዶች መሐል ነው። ድንጋዮቹ ከእርሻ የተለቀሙ ይመስላሉ፤ የድንጋይ ሽበት የበቀለባቸው አሉ፣ ወደ መሬት የሰመጡም አሉ። ዓረብኛውና ፖላንድኛው በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። እስካሁን ከሚነበቡት ሁሉ የጥንቱ የ1699 ነው። ንጉሡ ዕዳውን ከከፈለ ከ20 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አመሰግናለሁ።